ስለ ጥላሸት ቀለም

በጐንደርና በሰሜን ደጋ ያሉ የብራና መጻሕፍት ብዙ ዘመን ቆይተው ጽሕፈታቸው ያልፈዘዘው ስለ ምን ነው? ጥቁሩ ቀለም የእሳት ሥራ ስለ ሆነ ነው። እሳት አየር ሲያጥረው ጢሱ ፈጽሞ አይነድምና፥ የተረፈው ከሰል ጥላሸት ሆኖ በድስት ግርጌ ይለጠፋል። ቁም ጸሐፊው ጥላሸቱን ሰብስቦ ካረረ እህልና ከሙጫ ጋራ ያዋሕደዋል። 1 ሚሊሜትር በ1 ሚሊዮን ቢከፈል፥ የጥላሸት ቅንጣት ወርድ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 እጅ ነው፤ የዛሬ ሊቃውንት ይህን በናኖ ሜትር ይለኩታል፤ እንዲህ ያለውንም ደቃቅ ከሰል በምድጃ ሙቀት ያበጃሉ። ከሰልን ፀሐይ አያፈዝዘውም፤ ሙጫውን ግን ውሃ ያሟሟዋል። ስለዚህ መምህራንና ሽማግሎች የደብራቸውን መጻሕፍት ከጣራ ፍሳሽና ከእርጥበት ይጠብቁ፤ ፀሐይ ያልቻለውን ጠብታ ያጠፋዋልና።