ተጨማሪ መረጃ፦ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ

በድሮ የእንግሊዝ የጭነት መርከቦች የሠሩ ሰዎች ትዝታቸውን ሲያወጉ፣ ከባሕሩ ይልቅ ከሰሉን የሚያነሡ ብዙ ናቸው። መርከቦቹ በእንፋሎት ይሄዱ በነበረበት ዘመን እሳት ቆስቋሹ 4 ሰዓት ሠርቶ 8 ሰዓት ያርፋል። በእነዚያ 4 ሰዓታት ከሰሉን በአካፋ ወደ ምድጃው ይወረውራል፤ ፍሙን በረጅም ብረት ይቆሰቁሳል፤ አመዱን ይዝቃል። አንገቱ ላይ የጠመጠማት ጨርቅ ላብ መጥረጊያው ናት። የምድጃው በር ሲከፈት ደግሞ ወላፈኑን ለመቋቋም በጥርሱ ይነክሳታል። ረዳቱ ከሰሉን ከማከማቻው በጋሪ ያመላልሳል። ከአንድ ጎን ብቻ አብዝቶ ከዛቀ መርከቧ ታጋድላለችና፣ ሥራው ጉልበት ብቻ የሚጠይቅ አልነበረም።

ለዚሁ ሥራ ከኤደን ወደብ ብዙ የመናውያንና ሶማሌዎች ይቀጠሩ ነበር። ጎረቤቶቻችን እንግዲህ ሙቀት ይችላሉ ተብለው መሆኑ ነው፤ ምድጃ አጠገብ ሙቀት የሚችል ሰው ካለ! ከእነሱ አንዳንዶቹ በብሪታንያ የወደብ ከተሞች በካርዲፍና በሳውዝ ሺልድስ ቀርተው ትዳር መሥርተዋል፤ ዘሮቻቸውም ዛሬ የከተሞቹ ነዋሪዎች ናቸው።

ክፍያው በጉዞ ነበር። መርከቡ ወደብ ደርሶ ሠራተኛው ሲሰናበት ደመወዙም ያበቃል። ቀጣዩን መርከብ ለሚጠብቅ መርከበኛ ሳይቋረጥ መከፈል የተጀመረው በ1941 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው።