ስለ ኅብለ ሰረሰርና ስለ ጓያ

በሬ ታርዶ ሲበለት፥ አራጁ አከርካሪውን በመጥረቢያ ለኹለት ሲከፍለው፥ በአጥንቱ ቦይ ውስጥ እንደ ገመድ የተዘረጋ ነጭና ለስላሳ ነገር ይታያል። ብዙ ሰው መቅኔ ይለዋል፤ ነገር ግን መቅኔ አይደለም። ስሙ ኅብለ ሰረሰር ነው። ሥራውም የአንጐልን ትእዛዝ ወደ አካላት፥ የአካላትንም ስሜት ወደ አንጐል ማመላለስ ነው። ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ እርሱ ለመናገር የተነሣነው፥ ነገሩ ለጉና ግርጌ ሰዎች ከትምህርትነት ያለፈ ስለ ኾነ ነው።

የሰው አከርካሪ ከ33 አጥንቶች የተሠራ ሲኾን፥ ከታች ያሉት 9 አጥንቶች በአዋቂ ሰው ዘንድ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይገኛሉ። በእነዚህ ውስጥ የተሰወረው ኅብለ ሰረሰር በሙሉ ሰው ርዝመቱ 45 ሳንቲሜትር ያህል፥ ውፍረቱም የትንሽ ጣት ያህል ነው። ከአንጐል ሥር ይጀምርና ከወገብ በላይኛው ክፍል ላይ ያበቃል። ሦስት ሽፋኖችና እንደ ምንጭ የጠራ ውኃ ይጠብቁታል። ከእርሱም በቀኝና በግራ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ፤ ይኸውም ከአንገት 8፥ ከደረት 12፥ ከወገብ 5፥ ከዳሌ 5፥ ከጭራ አጥንት 1 ነው። የአንገቶቹ ክንድንና እጅን፥ የወገብና የዳሌዎቹ እግርን ያገለግላሉ። እያንዳንዱ ነርቭ ኹለት ሥር አለው፤ በፊተኛው ሥር ትእዛዝ ይወጣል፥ በኋለኛው ሥር ስሜት ይገባል። ጣታችን ፍም ሲነካ እጃችን ገና ሕመሙ ሳይታወቀን የሚሸሸው፥ ኅብለ ሰረሰር የአንጐልን ፈቃድ ሳይጠብቅ ስለሚያዝዝ ነው።

ነገሩን በአገሩ ምሳሌ ብናስረዳ፥ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ውኃው ከላይ ቢታገድ፥ የታችኛው እርሻ ምንም ለም ቢኾን ይደርቃል። እንደዚሁም ኅብለ ሰረሰር የተጐዳ እንደ ኾነ፥ የእግር አጥንትና ሥጋ ደኅና ኾኖ ሳለ እግር ለባለቤቱ መታዘዝ ይተዋል።

ይህ ጉዳት በፎገራና በደምቢያ ከአንድ እህል የተነሣ ታይቷል። እህሉም ጓያ ነው። ጓያ በክረምት መውጫ በጥቁር መሬት ላይ በቀረው ርጥበት ይበቅላል፤ ድርቅንም ውኃ መተኛትንም ይችላል። ስለዚህ ሌላው አዝመራ በጠፋበት ዘመን ለድኻው የሚቀርለት እርሱ ብቻ ነው። በሽሮ፥ በንፍሮ፥ በቆሎና በቂጣ ይበላል። ነገር ግን በውስጡ መርዝ አለ፤ ይህንንም መርዝ በህንድ አገር ያሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ለይተው አወቁት። ሰው ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ለወራት ሲበላ፥ ከአንጐል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ረጃጅም ክሮች ይጐዳሉ። እግሩ ይገተራል፥ ጉልበቱ ይታጠፋል፥ በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል፤ ከዚያም በአንድ በትር፥ ቀጥሎም በኹለት ይኼዳል፤ የጸናበትም ይድኻል። አእምሮውና ስሜቱ ግን እንደ ደኅና ሰው ነው። እሾህ ቢወጋው ያመዋል፤ እግሩን ሰብስብ ቢለው ግን አይሰበስብለትም።

በአንዳንድ ስፍራ በሽታው ከጓያ እንፋሎት ወይም በጓያ ማሳ ላይ ከመኼድ የመጣ ነው ይባላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም፤ የሚጐዳው መብላቱ ነው። እንፋሎቱን ሸሽቶ እህሉን ብቻውን የሚበላ ቤተ ሰብ ከአደጋው አላመለጠም።

ይህ መከራ የእኛ ብቻ አይደለም። በጀርመን አገር የቩርተምበርግ መስፍን ጓያ በዳቦ እንዳይገባ በ1671 በዐዋጅ ከልክሎ ነበር። በእኛም አገር በ1976 እና በ1977 በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው ታመመ፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መርምረው ያገኙትን በ1990 ጻፉ። እነ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንም በ2003 ባሳተሙት ጥናት፥ ጓያን ከጤፍና ከመሳሰለው እህል ጋር ደባልቀው በበሉት ዘንድ አደጋው ያነሰ መኾኑን አስረዱ። እነዚህ ዘመናት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ እመቤቶች ጓያን ለብቻው የዘወትር ምግብ ከማድረግ ይጠንቀቁ፤ ከሌላ እህል ጋር ይደባልቁት። በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ወይም ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፥ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። መርዙ ያነሰ ወሴ የተባለ ዘርም በአገራችን ወጥቷልና፥ የሚዘራ ሰው የእርሻ ባለሙያ ይጠይቅ። በቤቱ ያለ ሰው እግሬ ከበደኝ፥ ገተረኝ ቢል ጓያውን በዚያው ቀን አቋርጦ ወደ ሐኪም ይውሰደው።

ለሹማምንትም የምንለው አለን። ድኻ ሰው ጓያ ብቻውን ክፉ እንደ ኾነ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የሚበላው፤ ሌላ ስላጣ ነው። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ የተጐዳ ኅብለ ሰረሰር ግን እንደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ በድርቅ ዘመን እርዳታው መድረስ ያለበት በጐተራው ጓያ ብቻ ሳይቀር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ እህል ረኀብን ያስታግሣል እንጂ፥ በበትር የሚኼደውን ጐልማሳ ወደ ሞፈሩ አይመልሰውም።