ጥይትን የሚያደቅቅ ብረት

የብረት ኢላማ ሲመታ እንደ ቃጭል ይጮኻል። ተኳሹ መምታቱን ለማወቅ ወረቀት ሊቆጥር አይሄድም፤ ጆሮው ይነግረዋል። ከሜክሲኮ በተነሣው የብረት ምስሎች ውድድር በ200 ሜትር ዶሮ፣ በ500 ሜትር በግ ቆሞ ይጠብቃል፤ ነጥብ የሚያዘውም ምስሉ ሲወድቅ ነው።

ይኸው ብረት በደንብ ካልተመረጠና ካልተያዘ ግን የጥይቱን ስብርባሪ ወደ ተኳሹ ይመልሳል።

ጠንካራና ልሙጥ ገጽ ላይ ያረፈ ጥይት፣ እርሳሱም የመዳብ ልባሱም ይደቅቅና ገጹን ተከትሎ ወደ ዙሪያው ይበተናል። ገጹ ከተሰረጎደ ግን ፍንጣሪው በጉድጓዱ ጠርዝ ይታጠፍና ወደ መጣበት ይዞራል። እንግዲህ ምርጫው የሚጀምረው የማይሰረጎድ ብረት ከመፈለግ ነው።

ከብየዳ ቤት የተረፈ ላሜራ ለዚህ አይሆንም። በብሪኔል የጥንካሬ መለኪያ ተራ ብረት ከ120 እስከ 150 አካባቢ ሲሆን፣ በአሜሪካ በብዛት ለኢላማ የሚውለው ኤአር 500 ወደ 500 ይጠጋል። ይህ ብረት የገልባጭ መኪና ሳጥንን የመሳሰሉ፣ ድንጋይ ቶሎ የሚበላቸው ዕቃዎች የሚለበዱበት ነው። ለሽጉጥና ለብዙ ጠመንጃዎች 9.5፣ ኃይለኛ ለሆኑት ደግሞ 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይመረጣል።

ቀጥቃጭ የጋለ ማጭድ ውሃ ውስጥ ነክሮ እንደሚያጠነክረው ሁሉ፣ የዚህም ብረት ጥንካሬ የመጣው ከሙቀትና ከፈጣን ማቀዝቀዝ ነው። ስለዚህ በጋዝ እሳት ከተቆረጠ ወይም ከተበየደ፣ እሳት የነካው ቦታ ይለሰልሳል፤ ቀድሞ የሚሰረጎደውም እሱ ነው። በውሃ ግፊት የተቆረጠና በቡሎን የሚታሰር ይሻላል።

ሲሰቀል አናቱ ወደ ተኳሹ 20 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል፣ ፍንጣሪው በብዛት ወደ መሬት ይወርዳል። ለሽጉጥ ቢያንስ 10፣ ለጠመንጃ ቢያንስ 100 ሜትር መራቅ የተለመደ ነው። ውስጡ ብረት ያለበት ጥይት ፈጽሞ አይተኮስበትም። የዓይን መከላከያ መነጽርም ለተኳሹ ብቻ ሳይሆን ለተመልካቹም ግድ ነው።

እንክብካቤው ቀላል ቢሆንም መዘንጋት የለበትም። ከተኩስ በፊት ገጹ በእጅ ይዳሰሳል፤ ቡሎኑና ሰንሰለቱ ይፈተሻሉ። ነጭ ቀለም ሲረጭበት አዲሱ ምት ጎልቶ ይታያል። መጉበጥ ከጀመረ ይገለበጣል፤ ከተሰረጎደ ወይም ከተሰነጠቀ ግን በብየዳ አይደፈንም፣ ይወገዳል።

ከደቀቀው ጥይት የሚተርፈው የእርሳስ ብናኝ መርዝ በመሆኑ ተኳሹ ምግብ ሳይነካ እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠባል። ጫማውንም ደጃፍ ላይ ያወልቃል፤ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ የሚድህ ሕፃን ሊኖር ይችላልና።