ከሱቅ ቅመም ስንገዛ

ከሃረና ጫካ ቡናና ማር ይዞ ወደ ጎባ ገበያ የሚመጣ ሰው፣ በሪራ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ብርዳሙን የሳነቴን ሜዳ ያቋርጣል። የያዘውን ሸጦ ሲመለስ ከሱቅ የሚገዛው ነገር አለ። ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና ይገዛል። ከዚያም ጥቂት ቅመም ይጨምራል፦ ቀረፋና ቅርንፉድ ለሻይ፣ እርድ ለቅቤ ማንጠሪያ፣ ቁንዶ በርበሬና ሄል ለወጥ። ቅመሙ ጥቂት ነው፤ ዋጋው ግን ጥቂት አይደለም።

ድሮ በብዙ ከተሞች የየመን ሰዎች ሱቅ ነበራቸው። ሕዝቡ «ዓረብ ቤት» ይለው ነበር። የመን ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በእስያ ክፍለ ዓለም ያለች አገር ናት። የእስያ ቅመም ከጥንት ጀምሮ በመርከብ ባሕሩን እየተሻገረ፣ ከወደብ ደግሞ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ አገራችን ይገባ ነበር። ዛሬ ሱቁን የያዘው ያገሬው ሰው ነው። ከቅመሙ ግን አሁንም ከሩቅ የሚመጣ አለ።

ለመሆኑ እነዚህ ነገሮች ምንድን ናቸው? ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ፍሬ ነው፤ የጥንት አገሩ ደቡብ ሕንድ ነው። ቅርንፉድ ፍሬ አይደለም፤ ሳይፈነዳ የተለቀመ የአበባ እንቡጥ ነው። መጀመሪያ የበቀለው በኢንዶኔዥያ ደሴቶች ነው። ቀረፋ የዛፍ ልጥ ነው። እርድ እንደ ዝንጅብል ከመሬት ውስጥ የሚቆፈር ነው፤ በአገራችንም በቴፒ አካባቢ ይለማል።

እንግዲህ ወደ ሱቁ እንግባ። አንዲት እናት መጥተው፣

«ልጄ፣ የተፈጨ እርድ ስጠኝ» አሉ እንበል።

«እሺ እናቴ» ይልና በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣቸዋል።

ባለሱቁ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። እሱም ከጅምላ ነጋዴ የገዛው ተፈጭቶ ነው። ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን አይለይም። አፈርም ቢገባበት፣ ቀለምም ቢገባበት፣ ከተፈጨ በኋላ ሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ያልተፈጨውን ገዝቶ ቤት መውቀጥ ይሻላል። ሙቀጫ እንደሆነ በየቤቱ አለ።

ይህ ተራ ምክር እንዳይመስላችሁ። ባንግላዴሽ የምትባል የእስያ አገር አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ከባድ ጎርፍ ደረሰባትና እርዱ በደንብ ሳይደርቅ ቀረ፤ መልኩም ደበዘዘ። ታዲያ አንዳንድ ነጋዴዎች ቢጫ እንዲመስል ብለው እርሳስ ያለበት ቀለም ይቀቡት ጀመር። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ማለታችን አይደለም፤ የጥይት አረር የሚሠራበትን ከባዱን ብረት ማለታችን ነው። ይህ ብረት መርዝ ነው። በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ ከሁሉም በላይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከገበያ ተወስዶ ከተመረመረው እርድ ውስጥ ከ100 እጅ 47ቱ እርሳስ ተገኘበት። መንግሥት አጥፊዎቹን ቀጣ፤ ሕዝቡም ተነገረው። በ2021 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲመረመር አንድም አልተገኘበትም።

ልብ በሉ፣ ቀለሙ ይቀባ የነበረው ያልተፈጨው እርድ ላይ ነው። ስለዚህ ያልተፈጨውንም ቢሆን አይቶ መግዛት ያስፈልጋል። ልጡ ደብዘዝ ያለው፣ አፈር አፈር የሚመስለው ይሻላል። በጣም የሚያብለጨልጭና መዳፍን የሚያቀልም ከሆነ ይቅርባችሁ።

የቅርንፉድ መፈተኛው ቀላል ነው። ጥቂት ፍሬ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉ። ጥሩው ይሰምጣል፤ ዘይቱ ቀድሞ የተጨመቀው ይንሳፈፋል። ከቁንዶ በርበሬ ጋር የደረቀ የፓፓያ ፍሬ የሚቀላቅሉም አሉ። ቁንዶ በርበሬ ድቡልቡል ነው፤ የፓፓያው ግን ሞላላና ቀላል ነው። ሄል ቅርፊቱ ያልተከፈተውን ምረጡ።

በፓኬት የታሸገ ከሆነስ? እዚህ ላይ ማንበብ የቻለ ሰው እንኳ ይሳሳታል። ፓኬቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ይጻፋል፤ አንዱ የተመረተበት፣ ኋለኛው የሚያበቃበት ነው። ከውጭ በመጣ ዕቃ ላይ ግን ዘመኑ የፈረንጅ ነው። የሚያበቃበት ቀን 03/2025 ቢል፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በ2018 ዓ.ም. ፓኬቱን አይቶ «ገና ሰባት ዓመት አለው» ብሎ ይገዛል። ዕቃው ግን ጊዜው አልፏል! ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በፈረንጅ ከ1ኛው ወር እስከ 8ኛው ወር ድረስ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀነሳል። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ 12ኛው ወራቸው መጨረሻ ድረስ ደግሞ 7 ይቀነሳል። ሒሳብ የተማርነው ለዚህም ነው።

ድንብላል፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ግን በፓኬት የሚገዙ አይደሉም። የባሌ ገበሬ ራሱ ያመርታቸዋል፤ የሲናና እርሻ ምርምር ማዕከልም የተሻሻሉ ዘሮቻቸውን አውጥቷል። ከገበያ፣ ከአምራቹ እጅ ግዟቸው። ጦስኙማ ከጎባ በላይ ባለው ዳገት ላይ ሞልቷል።