የማያቃጥለው ቃሪያ በሐረር ማዕድ

በሐረር ገበያ ቃሪያና በርበሬ የሌለበት ቀን የለም። ትልቁና የማያቃጥለው የፈረንጅ ቃሪያ ግን ለሆቴል ሰላጣ ብቻ የተፈጠረ ይመስል ከብዙው ቤት ገሸሽ ተደርጓል። ይህ ሊታረም ይገባል ባይ ነኝ። ባዕድ ነው የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም፤ በርበሬውም፣ ቃሪያውም፣ የፈረንጁም «ካፕሲኩም አኑም» የሚባል አንድ ዝርያ ናቸው። መነሻቸውም አሜሪካ ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕር ከመሻገሩ በፊት በእኛ አህጉር አልነበሩም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጀጎልን ግንብ ሲያሠሩ በርበሬ ለዚህ አገር ቢደርስ እንኳ ገና እንግዳ ነበር። ቃሪያ ሲሰነጠቅ ዘሩን አቅፎ የሚታየው ነጭ ሥጋ ነው የሚያቃጥለውን ካፕሳይሲን የሚሠራው፤ ብዙዎች እንደሚያስቡት ዘሩ አይደለም። የፈረንጁም ይኸው ነጭ ሥጋ አለው፤ ካፕሳይሲን የሚያሠራው ዘረመል ግን ሥራውን አቁሟል።

«ካላቃጠለ ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። ክብደት ለክብደት ከተመዘነ በቫይታሚን ሲ የሚያቃጥለው ቃሪያ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ከእሱ ምን ያህል ይበላል? አዋቂው ከእንጀራው ጋር አንድ ሁለት ይገምጣል፤ ሕፃንና ጨጓራ የሚያመው ሰው ጭራሽ አይነካውም። የማያቃጥለውን ግን ልጅም ሙሉውን ይበላል። ከአረንጓዴው 100 ግራም 80 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ ይገኛል፤ አረንጓዴው ያልበሰለው ፍሬ ነውና ተክሉ ላይ ቆይቶ ሲቀላ መጠኑ ከ120 ያልፋል። ለአዋቂ በቀን 90 ያህል ይበቃዋል። ይህ ቫይታሚን ሰውነት ከምስር፣ ከሽሮና ከጤፍ ብረት እንዲወስድ ያግዛል፤ ሥጋ በተወደደበት ጊዜ ቀላል ጥቅም አይደለም። እሳት ስለሚያጠፋው ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር፣ ወይም ጥሬውን ከትፎ ከምስር ሳምቡሳ ጋር ማቅረብ ይሻላል።

ይወደዳል፣ ቶሎም ይጠወልጋል የሚሉ እውነት አላቸው። መፍትሔው እቤት ማብቀል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረር ለዚህ ተክል ትመቻለች፤ ሐሩር ሲበዛበት አበባውን ያረግፋልና ደጋማ አየሯ ይስማማዋል። የጀጎል ቤቶች ግቢ አላቸው፤ ቦታ ለጠበበውም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን አንድ እግር ይይዛል። ለዓመታት ሐረርን ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ያየ ሰው ስለ ውሃ ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ ለጀሪካን ተክል ግን አትክልትና ምስር የታጠበበት ውሃ ይጠቅማል። ዘር ለማስቀረት የምታስቡ ከሚያቃጥለው ቃሪያ አርቃችሁ ትከሉት። ንብ ብናኙን ካዳቀለችው የዘንድሮው ፍሬ ጣዕሙ ባይለወጥም፣ ከዘሩ የሚበቅለው ያቃጥላል።