የተሳቢ የኤሌክትሪክ ክሪክ አልሠራ ሲል መደረግ ያለበት
የካምፕ ተሳቢ ይዘው በቦንጋ በኩል ወደ ማንኪራ የቡና ደን የሚጓዙ ተገልጋዮች ክሪኩ አልንቀሳቀስ ቢላቸው፣ ሞተሩ ተቃጥሏል ብለው ከመደምደማቸው በፊት የሚከተለውን እንዲፈጽሙ ይመከራል።

በቅድሚያ ጎማዎቹን በታኮ ያስደግፉ፤ ከተሳቢው ሥር ማንም አይግባ። ቀጥሎ ባትሪውን ይለኩ፤ ኃይሉ የሞላ ባለ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ፊውዙ ተቃጥሎ ከሆነ በተመሳሳይ አምፔር ብቻ ይተኩ፤ ከፍ ያለ አምፔር ገመዱን ለቃጠሎ ይዳርጋል። ካፋ ዝናባማ በመሆኑ የኔጋቲቩ ገመድ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ሊዝግ ስለሚችል ያጽዱት።

ችግሩ ካልተፈታ ኤሌክትሪኩን አቋርጠው በእጅ ማዞሪያው ይጠቀሙ፤ መሬቱ ጭቃማ ከሆነ ከእግሩ ሥር ሰፊ ጣውላ ያድርጉ። ፊውዙ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ግን ሥራውን አቁመው ለባለሙያ ያሳዩ።