ቀዳዳ የማይበሳው ሌዘር

አክስቴ ከሌዘር ክፍል ወጥታ ገና ሳትቀመጥ «ስንት ቦታ በሱኝ?» አለችኝ። መቶ ያህል ምት እንዳረፈባት ስነግራት አማተበች። «መቶ ቦታ ተበስቼ ነው በእግሬ የወጣሁት?»

የያዛት ግላኮማ ነው። ግላኮማ የዓይንን ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምም እየበላ የሚሄድ በሽታ ነው፤ ሕክምናው የዓይንን ግፊት ማውረድ ነው። ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የሚያናድደኝ የመብሳቱ ወሬ ነው።

ዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ (እንባ አይደለም)። የሚወጣው ኮርኒያና አይሪስ በሚገናኙበት ጥግ፣ ወንፊት በመሰለ ሥጋ በኩል ነው። ወንፊቱ ፈሳሹን እንደ ልብ አላሳልፍ ሲል ግፊቱ ይጨምራል። ዋይዝና ዊተር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ወንፊት በአርገን ሌዘር መተኮስ እንደሚረዳ አሳዩ። ያኛው በእርግጥም ያቃጥል ነበር፤ ጠባሳም ይተዋል። በ1995 ግን ላቲናና ፓርክ ሌላ መንገድ ይዘው መጡ፤ ዛሬ ኤስኤልቲ የምንለው፣ ለአክስቴም የተደረገላት ሌዘር ከዚያ የተወለደ ነው።

ምስጢሩ ጊዜው ላይ ነው። የአርገኑ ምት 0.1 ሰከንድ ይቆያል፤ የኤስኤልቲው 3 ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም ከ30 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያጠረ። ብርሃን እንኳ በዚህ ጊዜ የሚጓዘው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሁለት ክንድ የማይሞላ አረንጓዴ የብርሃን ዘንግ ነው ማለት ይቻላል። ብርሃኑን የሚውጡት ሜላኒን የያዙት ጠቆር ያሉ ሴሎች ናቸው። ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ሳይዛመት ምቱ ያልቃል። እንጀራ ጋጋሪ የምጣዱን ግለት በጣቷ ነካ አድርጋ ስትፈትን ጣቷ እንደማይላጠው ማለት ነው። ከዚያ የሰውነት ጽዳት ሠራተኛ የሆኑ ሴሎች መጥተው ወንፊቱን ያጸዳሉ፤ ሐኪሞች የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው።

ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ በዚያው ቀን በወረደ ነበር። የኤስኤልቲ ውጤት ግን የሚለካው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ወሬው ከባዶ የመጣ እንዳልሆነ አልክድም፤ የዓይናቸው ጥግ ለጠበበ ወይም ለተዘጋ ሰዎች አይሪስን የሚበሳ ሌላ ሌዘር አለ። ሁለቱን የሚያምታታው ሰው ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ሕክምናው ራሱ ለወሬ አይበቃም። የማደንዘዣ ጠብታ፣ አገጭ ማሳረፊያ፣ ዓይን ላይ የሚቀመጥ ሌንስ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ጥቂት ደቂቃ።

አክስቴ ከዚያ በፊት በጠብታ ነበር የምትኖረው። ጠብታው ከዋሽንግተን በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል፤ መንገደኛ ሲጠፋ ዓይኗም ይጾማል። ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ ላይ ተሠርቶ በ2021 የታተመ ጥናት ኤስኤልቲን ከቲሞሎል ጠብታ ጋር አወዳድሮ ነበር። በዓመቱ ሕክምናው የሠራላቸው ዓይኖች በሌዘሩ 61 ከመቶ፣ በጠብታው 31 ከመቶ ሆኑ። ለእኛ ዓይነት ኑሮ ይህን የመሰለ መሣሪያ ተገኝቶ ስሙ ሲጠፋ ዝም ማለት አልችልም።

ደግሞ ሌዘር በተደረገላቸው ማግስት ጠብታቸውን ሐኪም ሳይጠይቁ የሚጥሉ አሉ፤ ቀጠሮ የሚቀሩም አሉ። ውጤቱ በዓመታት ውስጥ ይደክማል፣ ሊደገምም ይችላል፤ መድከሙን የሚያውቀው ግን የሚለካ ሰው ነው። «ዓይኔ አልጠራም» ብለው የሚያማርሩትንም ታዝቤአለሁ። የጠፋን ማየት ይመልሳል ያላቸው ማን ነው? እሱ የሞራ ቀዶ ሕክምና ነው።

አክስቴ በስድስተኛው ሳምንት ስትለካ 27 የነበረው የዓይኗ ግፊት 19 ሆነ። «አልበሱኝም ለካ፤ ጠረጉኝ» አለች። ጎረቤቷ ግን እስከ ዛሬ ቡና ላይ የምታወራው መቶ ቦታ እንደተበሳች ነው።